የእጅ ንጽሕናና የቆዳ እንክብካቤ በመሥሪያ ቤቶችና በሕዝብ መጸዳጃዎች

እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ በርካታ ተላላፊ በሽታዎችን ለመከላከል ከሚያስችሉ መንገዶች መካከል ቀዳሚው መሆኑን የጤና ባለሙያዎች ይገልጻሉ። ይሁንና በመሥሪያ ቤቶች የእጅ ንጽሕና ጉዳይ ሲነሳ ትኩረት የሚሰጠው በአብዛኛው ለመታጠቡ ብቻ ሲሆን፣ በቀን ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታጠበው ቆዳ ጤንነት ግን ይዘነጋል።

ሁለቱ ግን ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም። የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀና የቆሰለ እጅ በሚገባ ሊጸዳ አይችልም። ባለቤቱም ሳሙና በነካው ቁጥር ስለሚያቃጥለው መታጠብን ይሸሻል። በመሆኑም ለሠራተኞቹና ለተገልጋዮቹ ንጹሕ እጅ የሚሻ መሥሪያ ቤት በግድግዳ ላይ ማሳሰቢያ ከመለጠፍ ባለፈ ውኃን፣ ተስማሚ ሳሙናን፣ ማድረቂያን፣ ጓንትንና የቆዳ ቅባትን በዕቅድና በበጀት ማካተት ይጠበቅበታል።

ታሪካዊ ዳራ

የእጅ መታጠብ ጥቅም በአኃዝ ተደግፎ ከቀረበባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1847 በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የታየው ነው። በሆስፒታሉ የወሊድ ክፍል ይሠራ የነበረው ሐንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ሴመልዌስ፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን ከመረመሩ በኋላ በቀጥታ ወላዶችን ወደሚረዱበት ክፍል እንደሚገቡ ተገነዘበ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ክፍሉ ካስተናገዳቸው እናቶች 18 ነጥብ 3 በመቶ ያህሉ ሕይወታቸው አልፏል። ሐኪሙ በግንቦት ወር አጋማሽ ማንኛውም ሰው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት እጁን በክሎሪን ውሑድ እንዲታጠብ አስገዳጅ መመሪያ ካወጣ በኋላ የሞቱ መጠን በሰኔ ወር ወደ 2 ነጥብ 2 በመቶ ዝቅ ብሏል።

በጊዜው የነበሩ በርካታ የሕክምና ሰዎች ግኝቱን ያልተቀበሉት ሲሆን፣ ሴመልዌስም እ.ኤ.አ. በ1865 ሥራው ተገቢውን እውቅና ሳያገኝ ሕይወቱ አልፏል። ከዚህ ታሪክ ለአስተዳደር ኃላፊዎች የሚተርፈው ትምህርት ለውጡ የመጣው በምክር ብቻ ሳይሆን መታጠቢያውን በማቅረብና ሁሉም የሚገዛበት አሠራር በመዘርጋት መሆኑ ነው።

በአሁኑ ወቅት የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኦክቶበር 15 ቀን ይከበራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 በጤና አገልግሎት ውስጥ ስለሚኖር የእጅ ንጽሕና ዝርዝር መመሪያ አውጥቷል። ሆኖም ችግሩ ከመመሪያ እጥረት ይልቅ የአቅርቦት መሆኑን የድርጅቱና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የጋራ ክትትል ያሳያል። በክትትሉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በመኖሪያቸው ውኃና ሳሙና በአንድነት የሚገኙበት መታጠቢያ አልነበራቸውም።

በኢትዮጵያ ከምግብ በፊትና በኋላ እንግዳን እጅ ማስታጠብ የቆየ ባህል ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የግልና የአካባቢ ንጽሕናን ከዋና ዋና ክፍሎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። የኮሮና ቫይረስ በሀገሪቱ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ደግሞ በመሥሪያ ቤቶች በር ላይ በበርሜልና በጀሪካን መታጠቢያዎች ተዘጋጅተው ተገልጋይ ሁሉ እጁን ታጥቦ እንዲገባ ሲደረግ ቆይቷል። የወረርሽኙ ስጋት ጋብ ሲል ባዶ በርሜል ብቻ በቀረባቸው ስፍራዎች የታየው ነገር ልማድ ያለ ቋሚ አቅርቦት እንደማይዘልቅ የሚያመለክት ነው።

በሽታው በመሥሪያ ቤት የሚተላለፍበት መንገድ

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየዕለቱ በርካታ እጆች የሚነኳቸው ዕቃዎች ጥቂት አይደሉም። የበር እጀታ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የጋራ ስልክ፣ በመዝገብ ቤት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ፋይሎች፣ ተገልጋይ የሚፈርምበት እስክሪብቶ እንዲሁም በገንዘብ ቤት መስኮት የሚያልፉ የብር ኖቶች ለአብነት ሊጠቀሱ ይችላሉ። ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ ሳይታጠብ እጀታውን የያዘ ሰው የተወውን ተህዋስ ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛ ወደ ዓይኑ፣ ወደ አፍንጫው ወይም ወደ አፉ ሊወስደው ይችላል።

ምሳቸውን በምሳ ዕቃ ይዘው የሚመጡ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ክበብ በአንድ ትሪ ቀርበው የሚመገቡ ሠራተኞች በበዙበት ሁኔታ የእጅ ንጽሕና ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። እንጀራ በእጅ የሚበላ በመሆኑ የአንዱ እጅ ንጽሕና የሁሉም ጉዳይ ነው።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው በኅብረተሰብ ደረጃ የሚሰጥ የእጅ መታጠብ ትምህርት የተቅማጥ በሽታን ከ23 እስከ 40 በመቶ፣ ጉንፋንን የመሳሰሉ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞችን ደግሞ ከ16 እስከ 21 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ይህም ለአንድ መሥሪያ ቤት ከሥራ የሚቀሩ ሠራተኞችን ቁጥር መቀነስና የተቋረጠ አገልግሎትን ማትረፍ ማለት ነው።

ትክክለኛው የአስተጣጠብ ሂደት

እጅ መታጠብ የሚገባባቸው ዋና ዋና ጊዜያት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ከመመገብ በፊት፣ ከማስነጠስና ከመናፈጥ በኋላ፣ ቆሻሻ ከነኩ በኋላ እንዲሁም ሕመምተኛን ከመርዳት በፊትና በኋላ ናቸው።

በመጀመሪያ እጅን በንጹሕ ውኃ ማራስ፣ ቀጥሎም ሳሙና መቀባት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ የራሱ ምክንያት አለው። ሳሙና በደረቅ ቆዳ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ይበልጥ ያስቆጣል። ከዚያም መዳፍን፣ የእጅን ጀርባ፣ የጣቶችን መሃል፣ አውራ ጣትንና ከጥፍር ሥር ያለውን ቦታ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ማሸት ይገባል። በችኮላ ሲታጠቡ ሳይነኩ ከሚታለፉት ቦታዎች መካከል አውራ ጣትና የጣቶች ጫፍ ይገኙበታል። በመጨረሻም ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቆ በሚገባ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሙቅ ውኃ ይበልጥ ያነጻል የሚለው እምነት የተለመደ ቢሆንም ተህዋስያንን በማስወገድ ረገድ ቀዝቃዛና ለብ ያለ ውኃ አያንሱም። በአንጻሩ በጣም የሞቀ ውኃ የቆዳን ቅባት አጥቦ በመውሰድ ድርቀትን ያባብሳል። ፀረ ባክቴሪያ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳሙናም ለቢሮ ሠራተኛ ከተራው ሳሙና የላቀ ጥቅም እንዳለው አልተረጋገጠም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ለሕዝብ በሚሸጡ መሰል ሳሙናዎች ውስጥ እንዳይገቡ የወሰነው አምራቾች ደህንነታቸውንና ብልጫቸውን ባለማስረዳታቸው ነው።

ማድረቅ በብዙዎች ዘንድ የሚታለፍ ደረጃ ነው። ይሁንና እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ተህዋስያንን በቀላሉ ይቀበላል፣ ያስተላልፋልም። በመጸዳጃ ቤት ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ ሁሉም የሚጠቀምበት ፎጣ የታጠበውን እጅ መልሶ ሊበክል ስለሚችል በአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚወገድ ወረቀት፣ እርሱ ካልተገኘ ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየዕለቱ የሚያጥበው የግል ትንሽ ፎጣ ይመረጣል።

የቆዳ ተፈጥሯዊ መከላከያና ጉዳቱ

የቆዳ የላይኛው ሽፋን አሠራር በጡብ ከተገነባ ግድግዳ ጋር ይመሳሰላል። ጠፍጣፋዎቹ ሕዋሳት እንደ ጡቡ፣ በመካከላቸው ያለው ቅባት ደግሞ ጡቦቹን እንደሚያያይዘው ሲሚንቶ ናቸው። ይህ ግድግዳ ውስጣዊውን እርጥበት ይጠብቃል፣ ከውጭ የሚመጣውን ኬሚካልና ተህዋስ ይከላከላል። የቆዳ ገጽ በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት ያለው ሲሆን፣ በተለምዶ ከ4 ነጥብ 5 እስከ 5 ነጥብ 5 በሚደርስ የፒኤች መጠን ላይ ይገኛል። ተራ የገላና የልብስ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ በተደጋጋሚ ሲነካው አሲድነቱን ያዛባል፣ ቅባቱንም ይወስዳል።

ቆዳው ቅባቱን ለመተካት ፋታ ካላገኘ መድረቅ፣ መላጥ፣ መቅላት፣ ማሳከክና መሰነጣጠቅ ይከተላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጣቶች መካከልና ሳሙና ተጠራቅሞ በሚቀርበት ከቀለበት ሥር ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች አየሩ ደረቅና ብርዳማ በሚሆንባቸው የበጋ ወራት ደግሞ ይባባሳል። በተጎዳ ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስን የመሳሰሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በቀላሉ ስለሚሰፍሩ እጁ ቢታጠብም የንጽሕናው ውጤት ይቀንሳል።

በሥራ ምክንያት የሚመጣው የእጅ ቆዳ መቆጣት በሁለት ይከፈላል። በብዛት የሚታየው ውኃ፣ ሳሙናና ኬሚካል ቆዳውን ቀስ በቀስ በማድከማቸው የሚመጣው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውነት ለአንድ የተወሰነ ነገር፣ ለምሳሌ ለሽቶ፣ ለጓንት ላስቲክ ወይም ለሳሙና ማቆያ ኬሚካል በሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ የሚከሰተው ነው። ሕመሙ በዓመት ፈቃድ ወቅት እየተሻለ ሥራ ሲጀመር የሚመለስ ከሆነ መንስኤው ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው።

ለመከላከል የሚደረገው እንክብካቤ ውድ አይደለም። እጅ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ቆዳው ጥቂት እርጥበት እንዳለው ሽቶ የሌለው ቅባት መቀባት በቂ ነው። በየፋርማሲውና በየሱቁ የሚገኘው ቫዝሊን እንዲሁም በውኃ የተበጠበጠ ግሊሰሪን ለዚህ አገልግሎት ይውላሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ጣቱን የሚያስገባበት ክፍት ብልቃጥ በጋራ ከመጠቀም ይልቅ የግል ወይም ተጫኖ የሚወጣ ዕቃ መጠቀም ይመረጣል።

እብጠት፣ መግል ወይም በሳምንታት ውስጥ የማይድን ስንጥቅ ሲታይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ተገቢ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያላቸውን ቅባቶች ለረጅም ጊዜ መቀባት ቆዳን ያሳሳል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት በቆዳ ሕክምና ከሚታወቁት የሀገሪቱ ማዕከላት አንዱ ነው።

ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑት የጽዳት ሠራተኞች

ለቆዳ ጉዳት ይበልጥ የሚጋለጠው በቀን ጥቂት ጊዜ የሚታጠበው የቢሮ ሠራተኛ ሳይሆን መጸዳጃ ቤቱን ለሁሉም ንጹሕ የሚያደርገው የጽዳት ሠራተኛ ነው። በሙያ ጤና ዘርፍ አንድ ሰው በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እጁ በውኃ ውስጥ የሚቆይ ወይም ከ20 ጊዜ በላይ የሚታጠብ ከሆነ ለቆዳ አስጊ በሆነ የእርጥበት ሥራ ላይ እንደተሰማራ ይቆጠራል። አብዛኛዎቹ የጽዳት ሠራተኞች ከዚህ ልክ ያልፋሉ። በዚያ ላይ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ይይዛሉ።

ገበያ ላይ የሚገኘው በረኪና በአብዛኛው 5 በመቶ ያህል ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የያዘ ሲሆን፣ ወለልና ዕቃን ከተህዋስያን ለማጽዳት የሚመከረው 0 ነጥብ 5 በመቶ ነው። ይህም አንድ ኩባያ በረኪናን ከዘጠኝ ኩባያ ውኃ ጋር በመቀላቀል ይገኛል። ሳይቀጥን መጠቀም ጽዳቱን አያሻሽልም፤ ቆዳንና የመተንፈሻ አካላትን ግን ይጎዳል። ድብልቁ በቀዝቃዛ ውኃ በየዕለቱ መዘጋጀት ያለበት ሲሆን፣ ለዘወትር የእጅ መታጠቢያነት አያገለግልም።

በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያስከትላል። አሞኒያ ካለባቸው ማጽጃዎች ጋር ሲገናኝም አደገኛ ጋዝ ይፈጥራል። አየር በማይንቀሳቀስበት ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ ማጽጃዎቹ በየራሳቸው ዕቃ፣ ምንነታቸው በአማርኛ ተጽፎባቸው ሊቀመጡ ይገባል። ማንበብ ለማይችሉ ሠራተኞችም በቃል ገለጻ መስጠት ያስፈልጋል። ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል።

ጓንት አስፈላጊ ቢሆንም በአግባቡ ካልተያዘ ራሱ ችግር ይሆናል። እጅ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ካልገባ ወይም ጓንቱ ለረጅም ሰዓት ካልወለቀ ላብ ተጠራቅሞ ቆዳውን ያርሳል፣ ያደክማልም። ከሥር ስስ የጥጥ ጓንት መልበስ ይህንን ይቀንሳል። የተቀደደ ጓንት ኬሚካሉን ከቆዳው ጋር አፍኖ ስለሚይዝ ካለመልበስ ይከፋል። ቫዝሊንና መሰል ቅባቶች የላቴክስ ጓንትን ስለሚያላሉ መቀባት የሚገባው ከሥራ በኋላ ነው። ለመጸዳጃ ቤትና ለሻይ ዕቃ ማጠቢያ አንድ ጓንት መጠቀም ደግሞ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

ውኃ በሌለበት ጊዜ

ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው አካባቢዎች የአልኮል ማጽጃ ወይም ሳኒታይዘር ጠቃሚ አማራጭ ነው። የአልኮሉ መጠን ቢያንስ 60 በመቶ መሆን ያለበት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣቸው ቀመሮች አንዱ 80 በመቶ ኢታኖል ይዟል። በዚሁ ቀመር ውስጥ 1 ነጥብ 45 በመቶ ግሊሰሪን የተካተተው ቆዳን ከድርቀት ለመጠበቅ ነው። ግሊሰሪን ያለው ማጽጃ በተደጋጋሚ ሲውል ከሳሙና ያነሰ የቆዳ መቆጣት ያስከትላል። በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲያቃጥል ግን ቆዳው ቀድሞውኑ መጎዳቱን ያሳያል።

ሳኒታይዘር በአፈር፣ በቅባት ወይም በዓይነ ምድር የቆሸሸን እጅ አያጸዳም። ተቅማጥና ትውከት በሚያስከትለው የኖሮ ቫይረስ ላይም አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለሆነም ከመጸዳጃ ቤት መልስ ሳሙናና ውኃን አይተካም። በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑም ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ

የአቅርቦት ዕቅድ በግምት ሳይሆን በስሌት ሊዘጋጅ ይችላል። ለምሳሌ 100 ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ስድስት ጊዜ ቢታጠብና በእያንዳንዱ ጊዜ 1 ሊትር ውኃና 2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ቢጠቀም፣ በቀን 600 ሊትር ውኃና 1 ነጥብ 2 ሊትር ሳሙና ያስፈልጋል። በ22 የሥራ ቀናት የሳሙናው መጠን ከ26 ሊትር ይበልጣል። ውኃ ለሦስት ቀናት ቢቋረጥ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ 1 ሺህ 800 ሊትር የሚያስፈልግ በመሆኑ ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ መትከል ተገቢ ይሆናል። ተገልጋይ የሚበዛባቸው መሥሪያ ቤቶች የተገልጋዩን ቁጥር ጨምረው ማስላት ይኖርባቸዋል።

በግዥ ወቅት ከዋጋ ባሻገር ሳሙናው ለእጅ የተዘጋጀ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለዕቃ ወይም ለልብስ የተሠራ ማጽጃ በእጅ መታጠቢያ ላይ ሲቀርብ ርካሽ ቢመስልም ዋጋውን የሚከፍለው ቆዳ ነው። ፈሳሽ ሳሙናን በውኃ ማቅጠንም ሆነ ባልተጠናቀቀ ዕቃ ላይ መጨመር ሳሙናው ራሱ በባክቴሪያ እንዲበከል ምክንያት ይሆናል። ዕቃው ሲያልቅ ታጥቦና ደርቆ እንደገና መሞላት አለበት። ደረቅ ሳሙና የሚቀርብ ከሆነ በትንንሹ ተቆርጦ ውኃ በሚያንጠፈጥፍ ማስቀመጫ ላይ መሆን ይኖርበታል።

ኃላፊነቱ የሕግ መሠረትም አለው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ ለሥራ ደህንነትና ጤንነት የሚወሰዱ እርምጃዎች በሠራተኛው ላይ ወጪ ሊያስከትሉ እንደማይገባ በአንቀጽ 21 አስቀምጧል። ከዚህ አኳያ ጓንቱን ከደመወዙ የሚገዛ የጽዳት ሠራተኛ ሊኖር አይገባም።

የጽዳት ሥራ በውል ለግል ድርጅት በተሰጠባቸው መሥሪያ ቤቶች ይህ ግዴታ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ጥንቃቄ ይሻል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት እንዲጠብቅና የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ውል የሚያዘጋጁ የሥራ ክፍሎችም የጓንትን ዓይነትና ብዛት፣ የእጅ ቅባትን፣ የኬሚካል አጠቃቀም ሥልጠናንና የሕክምና ምርመራን በውሉ ውስጥ በግልጽ ቢያስቀምጡ በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ድርጅት ልዩነቱን ከሠራተኞቹ እጅ ጤንነት ላይ እንዳይቀንስ ማድረግ ይቻላል።

ለክትትልም ቀላል መንገድ አለ። ኃላፊዎች ለአመራር ብቻ የተለየውን ሳይሆን ተገልጋይና ሠራተኛ የሚጠቀምበትን መጸዳጃ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢጎበኙ ውኃ መኖሩን፣ ሳሙና አለማለቁን፣ ማድረቂያ መቅረቡን ማየት ይችላሉ። የጽዳት ሠራተኞችን እጅ ሁኔታ ጠይቆ መረዳትም የዚሁ ጉብኝት አካል ሊሆን ይገባል። የሠራተኞቹ እጅ የተሰነጠቀ ከሆነ ኬሚካሉ፣ ጓንቱ ወይም የሥራ ክፍፍሉ መፈተሽ አለበት ማለት ነው።

የእጅ ንጽሕና የግለሰቡን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ቢሆንም ውኃ በሌለበት ቧንቧ ፊት የቆመ ሰው ብቻውን ሊወጣው የሚችል ግዴታ አይደለም። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች አቅርቦቱን ማሟላት፣ ሠራተኞችና ተገልጋዮች በአግባቡ መጠቀም፣ ሁሉም በጋራ የሚገለገሉበትን ስፍራ በየዕለቱ የሚያጸዱ ሠራተኞችም ጤንነታቸው ተጠብቆ የሚሠሩበት ሁኔታ መፈጠር ይኖርበታል።